በሰርካለም ፖስታ የሄደው ጸጉሬ

«እማ፣ ጸጉር ሲረግፍ ሥሩ ወዴት ይሄዳል?»

ልጄ ሰርካለም ይህን የጠየቀችኝ በመስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ገብታ፣ ሻሿን ፈትታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከግራ ጆሮዋ በላይ አምና የሃምሳ ሳንቲም ስፋት የነበራት ገላጣ አሁን መዳፌን ታህላለች። ከማጅራቷ በላይም ሁለት አዳዲስ ወጥተዋል። ቁስል የለው፣ ቅርፊት የለው፣ አያሳክካት፤ ቆዳው እንደ ሕፃን ተረከዝ ልሙጥ ነው። ጣቴን አሳረፍሁበትና ቶሎ አነሣሁት።

«ስለት ተሳይ» አልኋት።

«ተስያለሁ። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው።»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች። ሻሿን አንሥቼ በቀስታ አሰርሁላት። ለጥያቄዋ ሻሽ መመለሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የስማዳ ልጅ ነኝ። ባሌ ሲሞት ይህችን አንዲት ልጅ ይዤ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ቆሎና በሶ እየሸጥሁ አሳደግኋት፤ መምህርት ሆነች። አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። እሑድ ከሰዓት ደግሞ እኛን እናቶችን ማንበብና መጻፍ ታስተምረናለች። በአርባ ሰባት ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁት ከገዛ ልጄ አፍ ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አብልጦ የሚከብደኝም ይኸው ነው።

*

ጌታነህ የሚባለውን ልጅ ያገኘችው በጸጉር ምክንያት ነው። አምና ሚያዝያ ላይ ልጆቹ ላይ ቆረቆር በዛ ተብሎ ከጤና ጣቢያ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ባለ እጀታ ማጉያ መነጽር ይዞ የልጆቹን ራስ አንድ በአንድ ያያል። ጨርሶ ሲነሣ ከኋላ ወንበር አንዷ ጉደኛ፣ «መምህርትም ትታይልን!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

የሰርካለም እጅ ሳታዝዘው ወደ ሻሿ ሄደ። ጌታነህ አየ። አየና ማጉያውን ቶሎ ኪሱ ከተተው። «መምህራንን የሚያይ ሌላ ባለሙያ ነው። እኔ የተፈቀደልኝ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው» አላቸው። ልጆቹ አመኑት።

ከሦስት ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ኢንተርኔቱ በእኛ ዘንድ ቢመጣ ይጠፋል፤ ስልኩም እንደዚያው። ስለዚህ ወረቀት እንደገና ወግ ሆኗል። ሰርካለም ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦

«መምህርት ሰርካለም፣ በዚያ ቀን እጅዎ ወዴት እንደሄደ አይቻለሁ። ዓይኔንም ወዲያው መልሻለሁ። የመለስኩት ጠልቼ አይደለም። የራስዎ ጉዳይ ስለሆነና ሳይፈቅዱልኝ ስለማላይ ነው።»

«ነውርሽን ዓይቶ እንዳላየ የሆነ ደግ ልጅ» አልኋት።

«ነውር አላለውም እኮ፣ እማ። የራስዎ ነው ያለው።» ደብዳቤውን አጥፋ በደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ያን ቀን የእርማት እስክርቢቶዋን ይዛ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

«የመሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ። የቤተ ልሔሙ።»

መሪጌታ ትልቅ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከየአገሩ ተማሪ ይጎርፍላቸዋል። እኛ ቆሎ ሻጮች ከእሳቸው ደጃፍ ምን አለን? ይህ አንዱ ፍርሃቴ ነው። ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር። እኔ ባደግሁበት መንደር የደብተራ ስም ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያውቃሉ፣ ይደግማሉ፣ ያስራሉ፣ ይፈታሉ ይባላል። እናቴ ጸጉሬን ስታበጥረኝ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን እየለቀመች በግድግዳው ስንጥቅ ትወሽቅ ነበር። «ጸጉርሽ ከሰው እጅ ገባ ማለት አንቺ ገባሽ ማለት ነው» ትለኝ ነበር።

ሦስተኛም ነበር፤ እሱን የሰማሁት ኋላ ነው። በመሪጌታ ቤት ሙሽራን ሹሩባ የምትሠራት የሙሽራው እህት ናት አሉ። ሻሹ በዚያ ቀን ይፈታል። እሱን እያሰብሁ የስንት ቀን ቆሎ አሳረርሁ።

*

በመስከረም ጌታነህ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር ጎንደር ገባ። የሚያጠናው የጸጉርን ሥር መሆኑን ስሰማ «ለዚህም ትምህርት አለው?» ብዬ ስቄ ነበር። ደብዳቤዎቹን የሚያመላልሰው የሚኒባሱ ሾፌር ጥጋቡ ነው። በጥቅምት አንድ ከሰዓት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«እማማ ገበያነሽ! አማችዎ ጽፏል!»

«አማች አልሆነም ገና፣ አፍህን ሰብስብ!»

«ካልሆነማ እኔ ይህን ሁሉ ወረቀት የማመላልሰው ለማን ብዬ ነው? ኧረ ቶሎ ይዳሩልን፤ ጉልበቴ አለቀ።»

ፖስታውን ይዤ ገባሁ። ሰርካለም ገና አልመጣችም ነበር። እውነቱን ልናገር፤ የከፈትሁት በክፋት አልነበረም። በሕይወቴ የእጅ ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም ነበርና ቻልሁ አልቻልሁም ብዬ ጓጓሁ። ፊደሉን እየለቀምሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ከገላጣው ጠርዝ ላይ አሥራ ሁለት ጸጉር ከነሥሩ ንቀዪና በወረቀት ጠቅልለሽ ላኪልኝ።»

ጸጉር ከነሥሩ! የደብተራ ልጅ! ሁለተኛ ገጽ እንዳለው አይቻለሁ፤ ግን የደጁ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁና አጠፍሁት። በበሶ ሊጥ አሽጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

የመጣችው ልጄ አልነበረችም፤ ጎረቤቴ አስካለ ነበረች። እሑድ እሑድ አብረን ነው የምንማረው። የልጄን ሳልነግር «አንዲት ዘመዴ» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጸጉር? ከነሥሩ?» አስካለ ደረቷን ያዘች። «ያቺ ዘመድሽ ብላ ብላ ራሷን በፖስታ ትላክ እንጂ! ለወንድ ጸጉር ይሰጣል? ያውም ለተማረ!»

ሰርካለም ግን ደብዳቤውን አንብባ ፊቷ በራ። ሁለተኛውን ገጽ ደጋግማ አየችው። በማግስቱ በመስተዋት እያየች አሥራ ሁለቱን ነቀለች። እንዳይሰበሩ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልላ ፖስታ ውስጥ ከተተችና «እማ፣ ለጥጋቡ ስጪልኝ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ዓይኗ ላይ ያየሁት ተስፋ አስፈራኝ። ፖስታውን አልልክም ብላት ትጠላኛለች፤ እሺ ብል ልጄን አሳልፌ መስጠቴ ነው።

ፖስታውን ከፈትሁ። የእሷን ጸጉር አውጥቼ ከነወረቀቱ በግድግዳው ስንጥቅ ወሸቅሁት። ከራሴ ጥቁር ጥቁሩን መርጬ አሥራ ሁለት ነቀልሁ፤ በሌላ ወረቀት ጠቅልዬ በቦታው አኖርሁት።

ክፉ ከሆነ በእኔ ይሁን አልሁ። ለጥጋቡ ስሰጠው እንባዬ መጣ። እሱ የደስታ መሰለው።

*

በኅዳር መልሱ መጣ። ሰርካለም እዚያው በር ላይ ቆማ ቀደደችው። ሲንቀሳቀስ የነበረው ከንፈሯ ቀስ በቀስ ሲቆም አየሁ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችኝ። «አንብቢው። ማንበብ ትችያለሽ።»

«ሰርኬ፣ አሥራ ሁለቱንም ከአስተማሪዬ ጋር በማይክሮስኮፕ አየናቸው። ሥራቸው ጤነኛ ነው። ጸጉርን በክብ በክብ የሚያረግፈው የላሽም፣ የቆረቆርም ምልክት የለባቸውም። አንዱ ከሥሩ መሸበት ጀምሯል። አስተማሪዬ፣ ምናልባት ከጭንቀት ብዛት ሳታውቀው ራሷ እየነቀለችው ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ሕመም አለ ይላል። ነውር የለበትም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ፤ አብረን እናክመዋለን።»

«እውነቱን ብቻ ንገሪኝ» አለች ሰርካለም። «እኔ ለእሱ ያልነገርሁት ምን እውነት አለኝ? ለማንም ያላሳየሁትን ከራሴ ላይ ነቅዬ ላክሁለት። ውሸታም አደረገኝ፣ እማ።»

«እንዲያ ማለቱ አይመስለኝም፣ ልጄ...»

«ሽበትስ? በሃያ አምስት ዓመቴ ሽበት?» መስተዋቱን አንሥታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። የቀረላትን ጸጉር እየገለጠች ነጭ ትፈልግ ጀመር። የምትፈልገው ሽበት በእኔ ራስ ላይ ነበር።

የመለሰችለት አንዲት መስመር ናት፦ «ያየኸው እኔን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ደብዳቤ መጣ። ሦስቱንም ሳትከፍት መለሰቻቸው። ጥጋቡ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማሾፉን ተወ፤ «እማማ፣ ምን ሆኑ ልጆቹ?» ብሎ ብቻ ይጠይቀኛል። እሑድ እሑድ ታስተምረናለች፤ ድምጿ ግን ከሰሌዳው ማዶ ነው የሚመጣው። አንድ እሑድ ስለ ምልክቶች አስተማረችን። ቃለ አጋኖን በጠመኔ ሠራች፤ ከላይ ወፍራም፣ ወደ ታች እየቀጠነ የሚወርድ። «ሰው ሲደነቅ ወይም ሲደነግጥ ይደረጋል» አለች። አስካለ «እኔማ ዕድሜ ልኬን ሳደርገው ኖሬያለሁ፣ ስሙን አላውቀውም እንጂ» ስትል ሁሉም ሳቀ። ሰርካለም ብቻ ጠመኔውን እንደያዘች ሰሌዳውን ታይ ነበር። ከተማሪዎቿ ሁሉ ያን ቀን ያፈርሁት እኔ ነኝ።

*

በታኅሣሥ ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ። ለሰርካለም «ስለቴን ላደርስ ነው» አልኋት። መንገዱ እስከፈቀደ በመኪና፣ የቀረውን በእግሬ ነው የደረስሁት። መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ከተማሪዎቻቸው ርቀው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ያመጣሁትን በሶ አስቀምጬ እጅ ነሣሁ።

«አባታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይቆጡኛል።»

«ዜማ ያስተማረ ሰው ቁጣውን በተማሪ ላይ ጨርሶታል። ጠይቂ፣ ልጄ።»

«ሰው... በጸጉሩ ይታሰራል?»

ጥምጣማቸውን ዙር በዙር ፈቱት። ከሥሩ የወጣው ራስ እንደ ተወለወለ ቅል ያበራል፤ አንዲት ጸጉር የለበትም።

«የጸጉር ድግምት ባውቅ» አሉኝ፣ «በማን የምጀምር ይመስልሻል?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ። ጥምጣሙን መልሰው እየጠመጠሙ፣ «ጌታነህ አምስት ዓመቱ ሳለ ይህን ራስ እየዳበሰ ጸጉርህ ወዴት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ጢሜ ወረደ አልሁት። አላመነኝም። ይኸው እስከ ዛሬ ይፈልገዋል» አሉ።

«ሥሩስ፣ አባቴ? ሥሩ ወዴት ይሄዳል?» የልጄ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«እሱን አላውቅም። የማላውቀውን አላውቅም ማለትን ከመምህሬ ተምሬያለሁ። ልጄን ጠይቂው። ግን ቶሎ ጠይቂው። ለዲግሪው ጥናት አዲስ አበባ የሁለት ዓመት የምርምር ቦታ አግኝቷል፤ በሐምሌ ይሄዳል። ከኅዳር ወዲህ ፊቱ ከስቶ ነው የሚመጣው። ምን ሆንህ ብለው አይናገርም።»

ያን ጊዜ አለቀስሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ደብዳቤ መክፈቴን፣ ግድግዳውን፣ የራሴን ጸጉር መንቀሌን። ሲቆጡኝ ጠበቅሁ።

«በእኔ ይሁን ብለሽ ነው?»

«በእኔ ይሁን ብዬ ነው።»

«እናት ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ፈርተሽ ሠራሽው። አሁን ግን የምትፈሪው ድግምትን አይደለም፤ ልጅሽን ነው። ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪ።»

መንገዱን ሁሉ የምነግራትን እየተለማመድሁ ተመለስሁ። ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ግን «ስለቴ ደረሰ» ብቻ ብያት ገባሁ።

*

ያልጨረስሁት ገጽ ትዝ አለኝ። ሰርካለም ክፍል ሳለች ሳጥኗን ከፍቼ የጥቅምቱን ደብዳቤ አወጣሁ። አሁን ሁለተኛ ጊዜ መስረቄ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ጸጉር ሲረግፍ ሥሩ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በእያንዳንዱ ጸጉር ሥር ጎን ጥቂት ሴሎች ተኝተው ይኖራሉ። ስቴም ሴል ይባላሉ፤ የግንድ ሴል እንደ ማለት ነው። ሌሎቹ ሴሎች ቆዳ ወይም ጸጉር ሆነው ቀርተዋል። እነዚህ ግን ገና ምን እንደሚሆኑ አልወሰኑም። ሲቀሰቀሱ አዲስ ጸጉር ይሠራሉ። በላሽ ሕመም ሰውነት ጸጉሩን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያባርረዋል፤ የተኙትን ግን አይነካቸውም። በሌላ ዓይነት ሕመም ግን እነሱም ይሞታሉ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምጀምረው ጸጉሩን በማየት ነው። አስተማሪዬ እነዚህን ሴሎች በሳህን ላይ ሊያሳድግ ይሞክራል። ገና ሙከራ ነው፤ ለሰው አልደረሰም። ተስፋ ልሸጥልሽ አልፈልግም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ፤ አንቺም እንደምትፈልጊ አውቃለሁ።»

ከጓሮዬ አምና ያስቆረጥሁት ባሕር ዛፍ አለ። ወጥቼ አየሁት። ከጉቶው ዙሪያ አምስት ቀንበጥ አቆጥቁጧል። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ተንበርክኬ ቀንበጡ ከወዴት እንደሚወጣ በጣቴ ፈለግሁ። ከተቆረጠው ላይ አይደለም፤ ከጎኑ፣ ከቅርፊቱ ሥር ነው። ልጄ የጠየቀችኝ መልስ ከደጄ ቆሞ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም መልሶ ወጋኝ።

ለልጄ በአፌ መናገር ስላቃተኝ ለእሱ ጻፍሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው፦

«ለአቶ ጌታነህ። በማይክሮስኮፕ ያየኸው ጸጉር የእኔ ነው። የሰርካለም አይደለም። እኔ ነኝ የለወጥሁት። ፈርቼ ነው። ሽበቱም የእኔ ነው። እሷ አላወቀችም። የእሷ ጸጉር አለ። አልጣልሁትም። ና። ገበያነሽ።»

«ና» የሚለውን ስጽፍ ወረቀቱ ተቀደደ። ሳልቀይረው ላክሁት።

*

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሰርካለም ደጅ ላይ ደብተር ታርም ነበር። ቀና ብላ ስታየው ቀዩ እስክርቢቶ ከእጇ ወደቀ። አላነሣችውም።

«ያየኸው እኔን አይደለም ብዬ ጽፌልህ ነበር» አለችው።

«አዎ። መቶ ጊዜ አነበብሁት። እውነትሽን ነበር።» ወደ እኔ ተመለከተ። አልነገራትም። ቦታውን ለእኔ ለቀቀልኝ።

ገባሁና ከግድግዳው ስንጥቅ ወረቀቱን አውጥቼ በደብተሮቿ ላይ አኖርሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጸጉርሽ ነው። አልሄደም። የሄደው የእኔ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ አልገባትም። ከዚያ ገባት። የፊቷ ቀለም ሲለወጥ አየሁ።

«ደብዳቤዬን ከፈትሽ?»

«ከፈትሁ።»

«አነበብሽው?»

«ግማሹን።»

«ግማሹን!» ተነሥታ ቆመች። «እማ፣ ማንበብ ያስተማርሁሽ ለዚህ ነው? ሀሁ ስትዪ ከአጠገብሽ ተቀምጬ እጅሽን ይዤ ያጻፍሁሽ ለዚህ ነው? ሁለት ወር ሙሉ መስተዋት ስመለከት እያየሽኝ! ሽበቴን ስፈልግ እያየሽኝ!»

«መተት መሰለኝ። ክፉ ከሆነ በእኔ ይሁን ብዬ...»

«ማን በአንቺ ይሁን አለሽ? ጠይቀሽኝ ነበር? ስለ እኔ ራስ እኔን ጠይቀሽኝ ነበር?»

አሁንም እንደ መስከረሙ እጄ ወደ ሻሿ ሄደ። ላስተካክልላት ነበር መሰለኝ። እጄን ያዘችው። አጥብቃ ያዘችው፤ ያመኝ ነበር።

«ተይው» አለች። «አሁን እንኳ ተይው።»

ከዚያ በራሷ እጅ ፈታችው። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ በእሱ ፊት። ሻሹን ደብተሮቹ ላይ ጣለችው።

«ይኸውልህ። ያላየኸው ይህ ነው። እይ።»

ጌታነህ አልቀረበም። «ፈቅደሽልኛል?»

«እይ አልሁህ!»

ማጉያውን ከኪሱ አወጣ። ያው የድሮው ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ፈትቶ ያኖርሁትን ጸጉር አየ። ከዚያ ቀርቦ የገላጣውን ጠርዝ አየ። ረዥም ጊዜ አየ። ከፊቱ ላይ ኀዘኔታ ስፈልግ አጣሁ። ያየሁት መደነቅ ነው፤ የጥያቄው ፍንጭ በእጁ የገባለት ሰው መደነቅ። ልጄም ከፊቱ ላይ ይህንኑ ስታነብ አየኋት፤ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

«እማማ፣ ይምጡ። እርስዎም ይዩ» አለኝ።

ዓይኔን አስጠጋሁ። በገላጣው ዳር ላይ አጫጭር ጸጉሮች ቆመዋል። ጫፋቸው ወፍራም ነው፤ ወደ ቆዳዋ ሲወርዱ ይቀጥናሉ።

«ቃለ አጋኖ!» አልሁ ሳላስበው።

ሰርካለም ዞረች። «ምን?»

«ያስተማርሽን ነው። ከላይ ወፍራም፣ ከታች ቀጭን። ራስሽ ላይ ሞልቷል!»

ጌታነህ ሳቀ። «ሐኪሞቹም ይህንኑ ስም ነው የሚሰጡት። የላሽ ምልክት ነው። አንቺ አልነቀልሽውም፣ ሰርኬ። ይቅርታ አድርጊልኝ። አስተማሪዬን አምኜ አንቺን ሳልጠይቅ ጻፍሁ። የሐኪም ዓይን ያስፈልጋል፤ ይህ ምልክት ግን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ የተኙት አልሞቱም።»

«ይበቅላል ማለት ነው?»

«ሊበቅል ይችላል። በቅሎ ደግሞ ሊረግፍ ይችላል። አሁን ያለውን ሕክምና እንጀምራለን። የእኛ የስቴም ሴሉ ነገር የዓመታት ሥራ ነው፤ ላይደርስም ይችላል።»

«ባይበቅልስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት ማየቱን ተወ። «እኔ የሄድሁት ጸጉር ላጠና ነው። ጸጉር ላገባ አይደለም።»

አለቀሰች። በእንባዋ መሐል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የእኔን ፈለገች። ገና ተቆጥታኛለች፤ አያያዟ ይነግረኛል። ግን አልለቀቀችኝም።

*

ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ለሹሩባው የመጣችው እህቱ ብርቱካን ናት። ሻሹ ሲፈታ ፊቷን ፊቷን አየሁ። ብርቱካን የሰርካለምን ራስ ዙሪያውን አይታ፣ «ባለው እሠራለሁ። የአባቴን ራስ ያየ ሰው በዚህ አይደነግጥም» ብላ ሥራዋን ጀመረች። ገላጣዎቹን እየዞረች፣ መስመሩን እያጠማዘዘች ሠራችው። በእኛ ሰፈር ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሹሩባ አልታየም፤ አስካለ እንዴት እንደተሠራ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ጎንደር ያዩዋት ሐኪም ላሽ ነው አሉ፤ በገላጣው ዙሪያ መርፌ ይወጓት ጀመር። በሰኔ ከጆሮዋ በላይ ነጭ፣ ለስላሳ ጸጉር ብቅ አለ። «ይኸው እኔም ሸበትሁ፣ እማ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ይቅር እንዳለችኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከማጅራቷ በላይ ያሉት ሁለቱ ገና ባዶ ናቸው። ሦስተኛ ደግሞ ተጨምሯል።

የእሑዱን ትምህርት አሁን ሌላ መምህር ይዞታል። ጌታነህ ማጉያውን ለእኔ ትቶልኛል። የገብስ ሥር አየሁበት፤ የጉንዳን እግር አየሁበት፤ ደቃቅ የመጽሐፍ ጽሑፍ አነብበታለሁ። የሰው ደብዳቤ ግን አልከፍትም። የደረሰኝንም እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላነብ አላጥፍም።

ትምህርት በተዘጋ በሳምንቱ፣ በሐምሌ፣ በጥጋቡ መኪና ወደ አዲስ አበባ ወጡ። ሰርካለም ራሷን ሳትሸፍን፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር። ጌታነህ ሄደ። እሷም አብራው ሄደች። እኔ ቀረሁ፤ ሻሿም እኔ ዘንድ ቀረ።